ጀርባውን የሰጠ ስክሪን

ዋበሪ ሱቅ ደጅ ሰው መሰለፍ ካቆመ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከባጃጅ ጋራዥ ጎን ያለችው ጠባብ ሱቁ ዱሮ የሰርግ ቪዲዮ የሚገለበጥባት፣ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ የሚጫንባት ነበረች። አሁን ሰው ሁሉ ከስልኩ ላይ ያያል፤ እሱ ቻርጀርና የስልክ ከቨር ይሸጣል።

ከጠረጴዛው ሥር ግን በአሮጌ ሽርጥ የተሸፈነ ዴስክቶፕ አለ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የተጫነበት። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። የጋራዡ ልጆች "አቦ፣ ይሄን ለሙዚየም ስጠው!" እያሉ ሲስቁ ዋበሪ ሽርጡን መልሶ ይጎትትበታል። የሰው ሳቅ የለመደው ዛሬ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጫጫ፣ ደሄቦ የመጣችው። ፊቷን ብትሸፍንም በድምጿ አወቃት።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ አቦወ ዋበሪ።"

አቦወ፣ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። በእነ ደሄቦ ቤት ሰው እንዲህ ከተጠራ ስንት ዘመኑ!

"ወዓለይኩም ሰላም" አለ። ቁጭ በይ ግን አላላትም።

ከቦርሳዋ አንድ ሲዲ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የራሱ የእጅ ጽሑፍ አለበት፦ "የደሄቦ ሰርግ፣ የሴቶች ወገን"።

"እማዬ ሞተች።"

"ሰምቻለሁ። አላህ ይርሐማት።" ሰምቷል፤ ተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርስ፣ ግን አልሄደም። በምን ፊቱ እዚያ ደጅ ይቆማል?

"ከመታወቂያዋ በቀር ፎቶ የላትም። አልነሳም ትል ነበር፣ ታውቃታለህ። ስትስቅ፣ ስትንቀሳቀስ ያለችው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚራ ሰፈር ያሉት ስቱዲዮዎች ሁሉም ሞከሩት። ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ጥቁር ነው። አንዱ በማክ ሞከረ፣ አንዱ ሊኑክስ የሚሉትን ጫነ፤ እምቢ አለ።"

"አይከፈትላቸውም" አለ ዋበሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው። ያኔ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥበት ካርድ ምስሉን አጣጥፎ የሚያስቀምጠው ኮዴክ በሚሉት በራሱ ፕሮግራም ነበር። የታጠፈውን የሚዘረጋው ያው ኮዴክ ነው፤ ካርዱን የሠሩት ሰዎች ከጠፉ ቆይተዋል፣ ኮዴኩም ከኤክስፒ ወዲህ በመጣ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ከተማው ውስጥ ያለው ከዚያ ሽርጥ ሥር ብቻ ነው።

"መሃድ ነው የላከሽ?"

"እሱ ነው ዋበሪ ጋ ሂጂ ያለኝ። ኋላ በመኪና መጥቶ ይወስደኛል።"

መሃድ ወንድሟ ነው። ከዋበሪ ጋር አንድ ቁርዓን ቤት ተምረዋል፣ ከአንድ ሳህን በልተዋል። ዋበሪ ሴቶች የቀረጹትን የሴቶች ወገን ቪዲዮ ሲገለብጥ አንድ ቀን እንኳ ስክሪኑን አይቶ አያውቅም። ጸጉራቸውን ፈተው፣ ዲራ በሚሉት ስስ ቀሚስ የሚጨፍሩትን የሰው ሚስትና እህት ባዕድ ወንድ እንዴት ያያል? ስክሪኑን ጀርባውን ወደ ራሱ ያዞረዋል፤ እህቱ ኒሞ በወዲያ በኩል ተቀምጣ እያየች ትነግረዋለች፣ እሱ ኪቦርዱን በጣቱ ትውስታ ይነካል። ሠርገኛ ሁሉ እሱን የሚመርጠው ለዚህ ነበር።

ደሄቦ በተዳረች በወሩ የሴቶቹ ጭፈራ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ዞረ። መሃድ ከዚራ፣ ሰው ሻይ በሚጠጣበት ጥላ ሥር መጥቶ "ዓይነ ደረቅ! የእህቴን ገላ ሸጥክ!" አለው። ዋበሪ የዞረውን አላየውም። የሚገርመው መሃድም አላየውም፤ ጨዋ ነዋ፣ እህቱን ስትጨፍር ከነእንግዶቿ ቁጭ ብሎ አያይም። ሳያይ ከሰሰ፣ ሳያዩ ፈረዱ። ከዚያ ወዲያ ሲዲውን የከፈተ፣ የሰርግ ሥራም ይዞለት የመጣ የለም። ኒሞንም "የዚያ እህት" እያሉ አላስቀመጧት፤ ጅግጅጋ ተድራ ሄደች።

"እከፍትልሻለሁ" አላት። "ገንዘብሽን አልፈልግም። መሃድ ሲመጣ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ያለኝን ሰው ፊት ያንሳልኝ። በቃ።"

"እነግረዋለሁ። ወላሂ እነግረዋለሁ።"

ብቻቸውን ተዘጉ እንዳይባል በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ሽርጡን ገፈፈ፣ ስክሪኑን እንደ ዱሮው ወደ እሷ አዞረ፣ ማውሱን ሰጣት። ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ተነሳ። ከበሮ ተሰማ፣ እልልታ ተሰማ።

"ምስሉስ?"

"አለ!" አለች። ድምጿ ተሰበረ። "እማዬ... ይቺውና! ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ትስቃለች፣ ጥርሷ... አቦወ፣ አላህ እጅህን ይባርከው።"

ዋበሪ የስክሪኑን ጀርባ እያየ አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ ከበሮው ብቻ ቀረ። ማውሱ ደሄቦ እጅ ውስጥ ደጋግሞ ጠቅ አለ።

"ምን ሆነ? ቆመ?"

"ስልክ ይዛለች።"

"ማን?"

"እማዬ። ከጅቡቲ የላኩላትን ስልክ። ወደ እኔ ቀስራው... ታነሳኛለች።" ደሄቦ ሴት ነችና የዞረውን ቪዲዮ አይታው ነበር፦ ከታች ወደ ላይ የተነሳ፣ ጥጉ ላይ አውራ ጣት የጋረደው። አሁን አውራ ጣቱን ከነባለቤቱ አየችው። "ስልኳን ዘፈን ጫኑልኝ እያለች ከዚራ ላሉ ሱቆች ትሰጥ ነበር። ከዚያ ነው የወጣው። እሷም አላወቀችም፣ አቦወ። እስክትሞት አንተን ነበር የምትረግመው።"

 አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማስረጃው እዚህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ በቀረው ቅጂ፣ ከዋበሪ እግር ሥር ሽርጥ ለብሶ ተቀምጧል።

"እንግዲህ ለመሃድ ትነግሪዋለሽ" አላት።

ደሄቦ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰችው። በቀስታ፣ "እማዬ ብቻዋን ያለችበትን ቁረጥልኝ። ወንዶቹም እንዲያዩት። ስልኩ የሌለበትን" አለች።

የደቂቃውን ቁጥር ከስክሪኑ እያነበበችለት፣ እሱ በጣቱ እየዳበሰ ቆረጠ። አርባ ሁለት ሰከንድ ወጣ። ለአዲሱ ዊንዶውስም ለስልክም በሚሆን ፎርማት ለውጦ ፍላሽ ላይ ጫነላት። ሲዲውን መልሳ ቦርሳዋ ከተተች።

"እዚህ የቀረውን ሰርዘው፣ አደራ።"

ሳይመልስላት የመሃድ መኪና በር ላይ ቆመ። መሃድ ሸብቷል፣ ቦርጭም አውጥቷል። የጋራዡ ሰዎች ሥራ አቁመው ተመለከቱ።

"ተከፈተ?"

"ተከፈተ" አለች እህቱ።

"አልሃምዱሊላህ!" መሃድ የዋበሪን ትከሻ መታ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገ። "ስማ ዋበሪ፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ ልቤ ለስልሷል። ያን ነገር ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ይስማ፣ ይቅር ብዬሃለሁ!"

"ጎሽ! ወንድ!" አለ አንዱ መካኒክ።

ዋበሪ ደሄቦን አየ። ፍላሹን በጣቷ ታሽከረክራለች።

"ምን አድርጌህ ነው ይቅር የምትለኝ?"

"ተው እንጂ አቦ፣ አናንሳው።"

"ደሄቦ ትንገርህ።"

መሃድ ወደ እህቱ ዞረ። "ምንድነው?"

"ምንም" አለች። "እማዬ በደንብ ትታያለች። እንሂድ።"

"ሙሉውን እየው እንግዲያ!" ዋበሪ ጮኸ። "ኮምፒውተሩ ይኸው፣ ራስህ እየው!"

"የሴቶቹን?" መሃድ ሳቀ። "እኔ እንዳንተ ነኝ እንዴ?"

ጋራዡም ሳቀ። መኪናው ተነሳ።

ዋበሪ ብቻውን ቀረ። ስክሪኑ ጀርባውን ሰጥቶታል። በእጁ ትንሽ ቢገፋው፣ የሞተችው ሴት ከነስልኳ፣ ከነአውራ ጣቷ ትመጣለች። የሚከለክለው ሰው የለም፤ አየ ብሎ የሚያወራበት ቢኖርም አዲስ ነገር አይሆንም፣ ዱሮውንም አየ ተብሏል። እጁን አነሳ። መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። በስክሪኑ ፈንታ ማብሪያውን ዳብሶ አጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ደሄቦ ደወለች።

"አቦወ፣ ቤቱ ሁሉ አይቶ አለቀሰ። መሃድም። ያን... ሰረዝከው?"

ዋበሪ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሽርጥ አየ።

"ሰርዤዋለሁ" አላት።

ለዚያ ቤት የዋሸው የመጀመሪያ ውሸቱ ይህ ነው።