የቃላት ቃርሚያ

ገዳሙ «ቶሎ» የሚለውን ቃል ከልጁ ኢሜይል ላይ በማውዙ ቀድቶ የራሱ መልስ ላይ ለጠፈው።

«ገና ነህ? የኔታ ወረፋ ይዘዋል» አለችው የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ሽታዬ።

«ጨረስኩ።»

የጻፈው ግን ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነበር። ልጁ ዜማ ከእናቷ ጋር ሚንስክ ናት፤ ከሩሲያኛ በቀር አታውቅም። እሱ እዚያው ተምሮ፣ ወልዶ፣ ለአባቱ ተዝካር ወደ ትውልድ ቀዬው ይጁቤ ቢመጣ እናቱን ብቻቸውን አገኛቸው። «አንድ ክረምት ብቻ» ብሎ ቀረ። ይኸው ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሲያስተምር ሦስተኛው ክረምት አለፈ፤ ልቡ ግን እዚያም እዚህም አልከተተም።

አምና የሩሲያኛውን ፊደል ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ ሳይመልሰው ወጣ። ሽታዬ የየኔታ አካለ ወልድን የማኅበር ጥሪ ዓይኗን ከረቂቁ ሳትነቅል አንድ ገጽ ሙሉ መታች፤ ቀና ስትል ስክሪኑን የባዕድ ፊደል ሞልቶታል። ከዚያ ወዲህ ቋንቋ መቀየሪያውን በይለፍ ቃል ቆለፈችው። ገዳሙም ዜማ ከጻፈችው ላይ ቃላት እየለቀመ መመለስ ያዘ።

የኔታ ከአግዳሚው ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ዛሬስ የማንን ጽሑፍ ሞስኮብ ልታደርግ ነው?»

«የማንንም አልነካም፣ የኔታ። ልጄ የጻፈችውን እየለቀምኩ ለእሷው እመልስላታለሁ።»

«ቃርሚያ በለኛ።»

«እንደዚያው ነው።»

«ማሳው የልጅቱ፣ እህሉም የልጅቱ። አንተ ምን ዘራህ?»

ሽታዬ ከት ብላ ሳቀች። ገዳሙ ሊስቅ ሞከረና ተወው፤ ወደ ዜማ መልእክት ተመለሰ።

«ለትምህርት ቤታችን ኮንሰርት ሁለት ወንበር ይሰጠናል» ትላለች። «አንዱ የእማዬ ነው። አምና ‹መቼ ትመጣለህ?› ስልህ ‹ቶሎ› ስላልከኝ ሌላውን ላንተ ያዝኩት፤ ፒያኖ ስጫወት ባዶውን አየሁት። ዘንድሮስ ልያዝልህ?»

የራሱ መልስ ከሥሩ ቁጭ ብሏል፦ ቶሎ። እናቱ ትናንት በስልክ የበሬውን ጥጋብ አውርተው አውርተው ሲያበቁ «ደግሞ ትሄዳለህ እንዴ?» ብለውት ነበር። ለእሳቸውም የመለሰላቸው «እናያለን» ብቻ ነው።

«ቶሎ» የሚለውን አጠፋው።

«ሽታዬ፣ ፊደሉን ክፈቺልኝ።»

«ያን ጉድ ዳግመኛ?»

«ስነሳ እመልሰዋለሁ። የኔታ ምስክር ይሁኑብኝ።»

«እኔ እንኳ ጽሑፌ ባማርኛ ሲወጣ ሳይ ነው የምመሰክረው» አሉ የኔታ። ቢሆንም ወረቀታቸውን አጥፈው ጉያቸው ከተው፣ ጋቢያቸውን አመቻችተው ተቀመጡ።

ሽታዬ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ የይለፍ ቃሉን አስገባች። ቁልፎቹ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው ያለው። ጣቶቹ አንዴ ተሳሳቱ፣ ሁለተኛም ተሳሳቱ፤ ከዚያ ቦታቸውን አገኙ።

«ዜማዬ» ብሎ ጻፈ፣ «ወንበሩን አትያዢልኝ።»