ህልም ያልሆነው ወንዝ

ከቮሎግዳ ከተማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ርቆ፣ ጥድ ደን ውስጥ፣ የአጥንት ቲቢ የያዛቸው ልጆች የሚታከሙበት ሆስፒታል ነበር። እኔ ፋይና እዚያ ነርስ ነበርኩ፤ ታይሲያ ግሌቦቭና ደግሞ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ። አገራችን ያኔ ገና ሶቪየት ኅብረት ነበረች። ሁለታችን በሠራተኞች መኖሪያ አንድ ክፍል እንጋራ ስለነበር፣ ሌላው ሰው የአባቷን ስም ጨምሮ በአክብሮት ሲጠራት እኔ ታያ ነበር የምላት።

ልጆቹ ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው በጄሶ ታስረው በጀርባቸው ይተኛሉ። አንዳንዱ ስድስት ወር፣ አንዳንዱ ሁለት ዓመት። ንጹሕ አየር ያድናል ስለሚባል በበረዶው ወራትም ቢሆን አልጋቸውን እየገፋን በረንዳ ላይ እናወጣቸዋለን። የሚታያቸው ጣሪያውና የጥዱ ጫፍ ብቻ ነው።

ታያ በአልጋዎቹ መካከል በርጩማ ላይ ትቀመጥና፣ ጓንቷን ሳታወልቅ፣ የራሷን ድርሰት ታነብላቸዋለች። ኡስቲንያ ስለምትባል ልጅ ነው። የመንደሯ ወንዝ ስሙን ተሰርቆ ሰው ሁሉ ሲረሳው፣ እሷ ስሙን ፍለጋ ውኃው ውስጥ ትገባለች። እታች የሚኖሩት ሽማግሌ፣ የኮታቸው የግራ ጫፍ ሁልጊዜ ውኃ የሚያንጠባጥበው፣ ስሙን በቀላሉ አይሰጧትም።

ድርሰቱን ጨርሳ በታይፕ መታችውና ለአሳታሚው ላከችው። ለመልስ ስትጠራ እኔም ከከተማ መድኃኒት ላመጣ ነበርና አብሬያት ሄድኩ። የልጆች መጻሕፍት አዘጋጁ ሮዲዮን ሳቭቪች ራሰ በራ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። ሁለታችንንም አስቀመጡን።

«ታይሲያ ግሌቦቭና፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ አንዴ ጀምሬ ሳልጨርስ አልተነሣሁም» አሉ። «ግን እንዲህ ሆኖ አይወጣም።»

«ለምን?»

«የዛሬ ልጅ እኮ ጠፈርተኛ መሆን ነው የሚያምረው። ወንዝ ውስጥ ሽማግሌ ይኖራል ብለን ልናስተምረው ነው? አለቆቼ የሚጠይቁት እኔን ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መላ አለኝ። አንድ ገጽ ብቻ ይጨምሩ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ትንቃ። ህልም ነበር ይበሉ። በቃ! ለጸደይ ይታተማል።»

«ኡስቲንያ እኮ አልተኛችም፣ ሮዲዮን ሳቭቪች።»

«እና?»

«ያልተኛ ሰው እንዴት ይነቃል?»

ሰውየው ሳቁ። ታያ አልሳቀችም።

አውቶቡስ ላይ አላስቻለኝም። «አንቺ ሴት ጤና የለሽም? አንድ ገጽ እኮ ነው! ለአንድ ገጽ ብለሽ መጽሐፍሽን ልትቀብሪው ነው?»

«ባለቤቶቹን ልጠይቅ» አለችኝና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

በማግሥቱ በረንዳው ላይ ጠየቀቻቸው። «ሁሉም ነገር ህልም ቢሆንስ?» አለቻቸው። ሪማ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ምላሰኛ ነበረችን፤ ከተኛች ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

«እኔ ህልም ሞልቶኛል፣ ታይሲያ ግሌቦቭና» አለች ጣሪያውን እያየች። «ስሮጥ ነው የማድረው። ስነቃ ጄሶው እዚሁ አለ። ኡስቲንያም እንደኔ ከሆነች ምን ታደርግልኛለች? ሄዳ ነው የመጣችው ብለውን አልነበር?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው አይዋሹን!»

ታያ ያን ቀን ለአዘጋጁ ሁለት መስመር ጻፈችላቸው። «ህልም አይደለም። ድርሰቴን ይመልሱልኝ።»

ችግሩ በዚህ አላበቃም። በዓመቱ አንድ ተቆጣጣሪ መጣና፣ ያልታተመ ጽሑፍ ለሕሙማን ማንበብ ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ ሰጥቶን ሄደ። «በቃ፣ አለቀልሽ» አልኳት። ደብዳቤውን ተቀብላኝ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ማንበብ ነው የሚለው» አለች። «መናገር አይልም።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ድንች ስትልጥም፣ በረዶ ስትዝቅም፣ ካልሲ ስታጥብም ከንፈሯ አላረፈም። ኡስቲንያን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሏ ያዘቻት። ባዶ እጇን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ መናገር ስትጀምር የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም በበሩ አለፉ፤ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ወረቀት ላይ ስለነበር ያላየችውን ያን ጊዜ አየች። ድርሰቱ ውስጥ ለኡስቲንያ የሚናገር አንድ አዋቂ ዓሣ አለ፤ እሱ ምክር መስጠት ሲጀምር ልጆቹ ያዛጋሉ። ቬንያ የሚባለው ትንሹ፣ «ይሄ ዓሣ ደግሞ ወሬው አያልቅም እንዴ!» ብሎ ሲጮህ በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ታያ ፊቷ ቀላ። ክፍላችን እንደገባን የዓሣውን ምዕራፍ ሙሉውን ቀድዳ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው።

«አራት ወር የለፋሁበት ነበር» አለችኝ። «ልጁ ግን ልክ ነው።»

በየዓመቱ መስከረም ላይ ድርሰቷን አዲስ መትታ ወደ ሮዲዮን ሳቭቪች ትሄዳለች።

«ህልም ሆነ?» ይሏታል ገና ከበሩ።

«አልሆነም። ዓሣውን ግን አውጥቼዋለሁ።»

«ዓሣውን? እኔን እኮ ደስ ያለኝ እሱ ነበር!»

እንዲህ እየተባባሉ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። እኔ አግብቼ ከክፍሉ ወጣሁ። ሪማ በምርኩዝ እየተራመደች ወደ ቤቷ ሄደች፤ ቬንያም ዳነ፤ ሌሎች መጡ። የታያ ፀጉር ከፊት በኩል ሸበተ። ሁለተኛ መጽሐፍ ጀመረች፤ የመጀመሪያው ሳይወጣ ለምን ትደክሚያለሽ ብላት፣ «እሱ ተራውን እየጠበቀ ነው፤ እኔ ምን አስጠበቀኝ?» አለችኝ።

ሮዲዮን ሳቭቪች ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ኢንጋ የምትባል ሠላሳ ያልሞላት ሴት ተተካች። ድርሰቱን በሁለት ቀን ጨረሰችው። ታያን አስጠርታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«የወንዙን ስም ግን የትም ቦታ አልጻፉትም። ምንድን ነው?»

«የምታውቀው ኡስቲንያ ናት።»

ኢንጋም፣ «ደህና። እንዳይጽፉት» አለች። ለእሷም ቀላል አልሆነላትም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከአለቆቿ ጋር ስትከራከር ቆይታ ነው ያሳተመችው። ወረቀቱ ግራጫ፣ ማጣበቂያው የሚለቅ ነበር። በድርሰቱ ጥቁር ፀጉር ያላትን ኡስቲንያን ሠዓሊው ወርቃማ ፀጉር ሰጣት። ታያ ሥዕሉን አይታ ጥርሷን ነከሰች፤ ቀጥላ ግን መጽሐፉን ደረቷ ላይ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆመች።

የከተማው ቤተ መጻሕፍት ደራሲዋን ሲጋብዝ አብሬያት ነበርኩ። ከልጆቹና ከእናቶቹ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ሮዲዮን ሳቭቪች መጽሐፍ ይዘው ቆመዋል። በጣም አርጅተዋል። ተራቸው ደረሰ።

«ለማን ብዬ ልፈርም? ለልጅ ልጅዎ?»

«ለራሴ» አሉ። ከዚያ፣ «አሁንም ቢሆን ህልሙ ይሻል ነበር እላለሁ።»

«ይበሉ፤ መብትዎ ነው።»

ፈርማ ስትሰጣቸው አልሄዱም። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ጎንበስ አሉ። «ታይሲያ ግሌቦቭና፣ እኔ እኮ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም ፈርቼ ነበር።»

ስንወጣ እጇን ያዝኳት። ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ አብሬያት ሠርቼ አንድ ቀን ስትፈራ አላየሁም። «መቼ ነው የፈራሽው?» አልኳት።

«ሁልጊዜ» አለችኝ። «ይልቅ ቶሎ ቶሎ በይ፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው። ከምሳ በኋላ የማስተምረው ክፍል አለኝ።»