ለጭቃ የሚሆን ሞተር

ኦዴሊያ ትራሃን ባሏ ዊልተን በሞተ በስምንተኛው ወር ጀልባ እገዛለሁ ብላ ተነሳች። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ቤቷ የሉዊዚያና ረግረግ ጫፍ ላይ ነው፤ ከጓሮዋ አጥር ወዲያ እስከ ባሕሩ ድረስ ያለው ሸምበቆ፣ ጭቃና ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ብቻ ነው። በየኅዳሩ ሰማዩን የሚሞላውን ዳክዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤቷ መስኮት ሆና ስታየው ኖራለች። ለአደን ግን አንድም ቀን ወጥታ አታውቅም።

ፍላጎት አጥታ አልነበረም። አባቷ በልጅነቷ ተኩስ አስተምሯታል። ሳታገባ በፊት፣ በደብሩ ዓመታዊ በዓል ላይ ወደ ላይ የሚወረወረውን የሸክላ ዒላማ በመምታት ወንዶቹን ሁሉ ታስከነዳ ነበር። በተጋቡ በመጀመሪያው ኅዳር ጠመንጃዋን ይዛ በር ላይ ስትቆም ግን ዊልተን ራሱን ነቀነቀ። ጀልባዋ አንድ ሰውና አንድ ውሻ ብቻ ነው የምትችለው፣ ሁለተኛ ሰው ከተጫነባት ጭቃው ላይ ቁጭ ትላለች አላት። ጀልባዋን የሚያውቃት እሱ ነውና አመነችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ያድናል፣ እሷ ላባ ትነጫለች፤ ጋምቦ የሚባለውን የአገሩን ወፍራም የሥጋ ሾርባ ሠርታ ከሩዝ ጋር ታቀርባለች። ሰውየው ደግሞ ጥሩ በሊታ ነበር። በየሳምንቱ ከሚበላው ሌላ አንድ ትልቅ ጣሳ ሙሉ ጋምቦ ለመንገድ ይዞ ይወጣል፤ ጣሳው ሁሌም ባዶውን ይመለሳል።

አሁን ዊልተን የለም። ረግረጉ ውስጥ ብቻዋን የምትገባ ሞኝ አይደለችምና ቢያንስ ሁለት ሰው የሚይዝ ጀልባ ያስፈልጋታል። ይህን ሐሳቧን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለአንዲት ሴት ነገረቻት። እስከ ማክሰኞ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሰምቶታል። ከቀብሩ ወዲህ ማንም ያልረገጠው በረንዳዋ ድንገት ሰው በሰው ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው ጀልባ ሻጩ ሌስተር ነው። እሱ የሚያምነው በትልቅ ነገር ነው። ሰፊና ረጅም የአሉሚኒየም ጀልባ፣ ከኋላው አርባ የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ፕሮፔለሩ ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ጭቃ እየቆረጠ የሚሄድ ሞተር። ሊያሳያት ይዟት ወጣ። ለሩብ ሰዓት ያህል እንደ ነፋስ በረሩ። ከዚያ እሷ ፎቶ ልታነሳ ፈልጋ አቁም ስትለው አቆመ፤ ጀልባው በሞተሩ ክብደት ኋላውን ዘፍዝፎ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠና አልነሳም አለ። ሌስተር ወርዶ ጭቃው እስከ ወገቡ እየዋጠው መግፋት ጀመረ።

«ይኼ ሞተር መቼም አይቀረቀርም፣ ሚስ ኦዴሊያ» አለ እያለከለከ። «ብቻ ማቆም የለብዎትም።»

«ዳክዬውን እየበረርኩ ልምታው?» አለችው።

በሁለተኛው ሳምንት የደብሩ ዲያቆን ከርሊ መጣ። እሱ ደግሞ በትንሽ ነገር ነው የሚያምነው። ጠባብ ጀልባ፣ ቀላል ሞተር፣ ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚዘረጋ እንደ መጥረጊያ ዘንግ ረጅም ብረት፣ ጫፉ ላይ ፕሮፔለር። እውነትም ያልገባበት ቦታ የለም። ግንድ ቢያጋጥመው ዘንጉን አንስቶ ያልፈዋል፤ ከጤዛ ትንሽ በሚበልጥ ውሃ ላይ ይሄዳል። ፍጥነቱ ብቻ ያው የዲያቆን ነው። አንድ አዞ ከጎናቸው እየዋኘ ረጅም መንገድ ሸኛቸውና ሰልችቶት ቀድሟቸው ሄደ። ከርሊ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸ ስለ ቀላል ነገር ጥቅም ሰበካት። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትሰማ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

እንዲህ ሲመላለሱ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ገባ። ደብተሯ በስፋት፣ በርዝመትና በክብደት ተሞላ። ሌስተር የከርሊን ሞተር የሊጥ ማቡኪያ ይለዋል፤ ከርሊ የሌስተርን የሞኝ መቅበሪያ ይለዋል። አንዳቸውም ግን መተኮስ ትችያለሽ ወይ ብለው አልጠየቋትም።

አንድ ቀን ከርሊ የሚጠቅም ነገር ተናገረ። መጀመሪያ ያለሽን ለኪ፣ ከዚያ የምትፈልጊውን ታውቂያለሽ አላት። ልክ ነው አለችና ሜትር ይዛ ወደ ጓሮው መጋዘን ገባች። የዊልተን ጀልባ ተደፍታ ተቀምጣለች። አገላብጣ ለካቻት። ርዝመቷም ስፋቷም ሁለት ሰው ከተሸከመችው ከከርሊ ጀልባ ይበልጣል። ይህ ግር አላትና ውስጧን መፈተሽ ጀመረች። ከኋላ በኩል፣ በወፍራሙ አረንጓዴ ቀለም ሥር፣ አራት ማዕዘን ነገር ጎበጥ ብሎ ታያት። በቢላዋ ፋቀችው። የፋብሪካው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነበር፤ ጽሑፉ አንድ በአንድ ብቅ አለ፤ ከፍተኛው ጭነት ሦስት ሰው፣ ወይም አራት መቶ ሰባ ፓውንድ።

በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሌላ ሴት ነበረች ወይ የሚል ነው። ከዚያ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለዊልተን ብላ ከአልጋ የምትወጣ፣ ጭቃ ውስጥ የምትቀመጥ ሌላ ሴት ሊኖር አይችልም ብላ ተወችው። ይህ ግን ንዴቷን አላበረደውም። ቀለሙን የቀባው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ በተጋቡበት ዓመት፣ ዳክዬ እንዳያየን ነው ብሎ ሲቀባ ብሩሹን ያቀበለችው እሷ ናት።

በማግስቱ የባሏን የልብ ጓደኛ ኦቪድን ፍለጋ ሄደች። ኦቪድ ሚስት ያላገባ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ደጁ ላይ የሸርጣን ወጥመድ ሲጠግን አገኘችው።

«ጀልባዋ ሦስት ሰው ትችላለች፣ ኦቪድ» አለችው።

ኦቪድ ሽቦውን መጠምዘዙን ሳያቆም፣ «አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለምን?»

ጉጠቱን አስቀመጠ። «ዊልተን ዳክዬ መምታት አይችልም ነበር። አንቺ ሴትዮ፣ ያ ሰው የቆመ ጎተራ አይመታም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ላባውን የነጨሁት ምንድን ነው?»

«የእኔን ነው።»

 ኦቪድ ከጀመረ ወዲህ መጨረስ ይሻላል ብሎ ቀጠለ። ዊልተን በደብሩ በዓል ላይ ስትተኩስ አይቷታል፤ ያን ቀን ነው የወደዳት። ያን ቀን ነው ደግሞ የፈራት። አንድ ጊዜ አብራው ከወጣች ነገሩ እንደሚያልቅለት ገባው። ስለዚህ ኦቪድ ይተኩሳል፣ ዊልተን ወደ ቤት ይወስዳል።

«አንተስ ምን አገኘህ?» አለችው።

ኦቪድ መሬት መሬት አየ። «ጋምቦሽን በጣሳ ያመጣልኝ ነበር» አለ።

ኦዴሊያ ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ገብታ በሩን ዘጋች። ሰውየውን ከመቃብር አውጥታ ልታንቀው ፈለገች፤ ደግሞም ያን ሁሉ ዓመት በብርድ ተቀምጦ ሲስት፣ ሲስት፣ ከዚያ ደረቱን ነፍቶ በሩን ሲያንኳኳ ታያትና አሳዘናት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ስላልታወቃት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ፣ «የአደኑ ወቅት መክፈቻ ቅዳሜ ትመጣለህ» አለችው። ኦቪድም እሺ አለ።

ጀልባ መግዛቱ ቀረ። ያለቻትን አሮጌ ጀልባ ከደብተሯ ጋር አስተያየቻት። ትልቁ ሞተር ኋላዋን ያሰጥማታል፤ ስለዚህ ቀላሉንና ረጅም ዘንግ ያለውን ከሌስተር ሱቅ አዘዘች። ሌስተር እንደ ለቅሶ ቤት ፊቱን ከስክሶ ገጠመላት።

በመክፈቻው ቀን ገና ሳይነጋ ወጡ። ሞተሩ አልከዳትም። ኦቪድ ከፊት ተቀምጦ በእጁ አቅጣጫ ያሳያታል። መንጋውን የሚያታልሉ የፕላስቲክ ዳክዬዎች ውሃው ላይ በትነው ሸምበቆው ውስጥ ተደበቁ። ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያው መንጋ መጣ። ተኮሰች፤ ሳተች። ሁለተኛው መጣ፤ ሳተች። ሸክላ አንድ መንገድ ነው የሚያውቀው፤ ዳክዬ ግን ሰው ሲያይ ሐሳቡን ይለውጣል። አሥራ ሁለት ጥይት ጨርሳ አንዲት ትንሽ፣ ክንፏ ሰማያዊ ዳክዬ ጣለች፤ እሷም ከኋላ የቀረች ነበረች። ኦቪድ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለዚህ ልምዱ ረጅም ነው።

ጀልባ ማሰሪያው ጋ ሲመለሱ ሌስተርና ከርሊ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ስንት መታሽ ሲሏት አንድ አለች። ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ሌስተር ሞተሩ ስላነሰ ዘግይታ ደርሳ ነው አለ። ከርሊ አይደለም፣ ዘንጉ አጉል ስለተገጠመ ድምፁ ዳክዬውን አስበርግጎት ነው አለ። ክርክሩ ገና መሟሟቁ ነበር። ኦዴሊያ ጥፋቱ የራሷ እጅ መሆኑን፣ ተኩስ እንደረሳች፣ በግልጽ ቋንቋ ነገረቻቸው።

አላመኗትም። ኦቪድ ጀልባዋን ወደ ተጎታቹ ሲስብ ከርሊ ጎንበስ ብሎ ዘንጉን መለካት ጀምሮ ነበር።