ቀፎ የመሰለችው መንኮራኩር

መቱ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር እንኳ የሚግባባው በጥቅሻ ነው። ኢብሴ ግን የግድ ድምፅ መቅዳት ነበረባት።

ከጓደኛዋ ጋር የሠሩትን አኒሜሽን ፊልም እንዲያሳዩ ለእሑድ ከሰዓት አዳራሽ ተፈቅዶላቸዋል፤ የከተማው ሰውም ተጠርቷል። የአኒሜሽኑ ሥዕል አልቋል፤ ኢብሴ ክረምቱን ሙሉ ላፕቶፗ ላይ ጎብጣ ስትሥለውና ስታንቀሳቅሰው የከረመችው ነው። ታሪኩን የጻፈው አብሮ አደጓ ጌድዮን ነው። ከሩቅ ኮከብ የመጣች መንኮራኩር ያዮ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ቅርጿ ቁርጥ የንብ ቀፎ። ጎንፋ የሚባል ገበሬ ያያትና፣ ሳይሰቅል ቀፎ በማግኘቱ እየፈነደቀ፣ ማር ሊቆርጥ በጭስ ያጥናታል። የመንኮራኩሯ አዛዥ እየሳለች ብቅ ትልና "እኛ ንቦች አይደለንም!" ትላለች። ጎንፋም "ንብ ሁሉ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚለው" ብሎ ጭሱን ይጨምርባታል።

የጎደለው የአዛዧ ድምፅ ብቻ ነበር። ጌድዮን ገበሬውንም በሬውንም አሳምሮ ተጫውቷል፤ አዛዧ ላይ ሲደርስ ግን ጉንፋን የያዘው ዲያቆን ይሆናል። ያን ቀን ሁለቱም የዝናቡን ድምፅ ለማፈን አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ማይኩን መሀላቸው አድርገው ይሞክሩ ነበር። ለመንኮራኩሯ ሞተር ድምፅ ደግሞ ጁስ መፍጫው ውስጥ ሽምብራ ጨምረው አስነሥተውታል።

በሩ ተበረገደ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘውደነሽ ነበሩ፤ ከመዘጋጃ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጡ፣ ሲቆጡ የግቢው ዶሮ ሁሉ ቀጥ ብሎ የሚቆምላቸው ሴት።

"እናንተ! ቤቱን ያከራየሁት ለሰው ነው ወይስ ለወፍጮ? ደግሞ በቀን ምን ያከናንባችኋል? ከየት ነው የመጣችሁት? ውጡና ማንነታችሁን አሳውቁ!"

ሁለቱ ፀጉራቸው ቆሞ ከብርድ ልብሱ ሥር ብቅ አሉ።

"ኤዲያ!" አሉ እትዬ ዘውደነሽ፤ መፍጫውን ራሳቸው አጥፍተው ወጡ።

ኢብሴ ያኔ ነው ማይኩ ላይ የበራችውን ቀይ መብራት ያየችው። ሁሉም ተቀድቷል። ቁጣውን አዛዧ አፍ ላይ ብታስቀምጠው ልክክ አለ። ሁለቱም መሬት ላይ ተንከባልለው ሳቁ።

"ልንነግራቸው ይገባል" አለች ሳቋ በረድ ሲልላት።

"ከቤት ነው የሚያስወጡን!"

"ያስወጡን! ሳይፈቅዱማ ድምፃቸውን አላወጣም።"

ላፕቶፑን አቅፈው ወደ ትልቁ ቤት ገቡ። እትዬ ዘውደነሽ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ አረንጓዴዋ አዛዥ በገዛ ድምፃቸው ስትቆጣ ተመለከቱ።

"ይቺ ሴትዮ" አሉ በመጨረሻ፣ "ይሄን ሁሉ አገር አቋርጣ ስትመጣ ፀጉሯን የሚሠራላት ጠፋ?"

"እሱ አንቴና ነው እትዬ" አለ ጌድዮን።

"አንቴናም ቢሆን ይጎነጎናል። ሹሩባ ሥሯት። ቁጣውም ቢሆን ምኑም አልተነካ። ቁጭ በሉ፣ በደንብ ላሰማችሁ!"

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ኢብሴ የአዛዧን አንቴና ከመጀመሪያው ሥዕል እስከ መጨረሻው ስትጎነጉን፣ እትዬ ዘውደነሽ ብርድ ልብሱ ሥር እየገቡ አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም ያወርዱታል። ጌድዮን በሳቁ ቀረጻውን እያበላሸ ቢያስቸግር ዝናቡ ውስጥ ተባረረ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሁሩሙ በሚኒባስ የመጡ ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። መንኮራኩሯ ዛፍ ላይ ስትንጠለጠል ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጎንፋ ጭሱን ሲያቀጣጥል ግን ድምፅ ማጉያው ቋ፣ ቋ አለና ፀጥ። አዛዧ እየሳለች ወጣች፤ አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ድምፅ የለም። ኢብሴ ገመድ ለገመድ ተርመሰመሰች።

"ኑቲ ከኒሳ ሚቲ! እኛ ንቦች አይደለንም!"

ከፊት ወንበር እትዬ ዘውደነሽ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርውረው ቆመው ነበር። ጌድዮን ዘሎ ከጎናቸው ቆመና የገበሬውን ቀጠለ። ቀጥሎ የሞተሩ ተራ ነው። ሁለቱም ዞረው ኢብሴን አዩዋት።

ኢብሴ ተማሪ ሳለች ስሟ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ማለት ፈርታ እጇን ብቻ የምታወጣ ነበረች። ዓይኗን ጨፈነች። "ዝዝዝ" አለች፤ የወባ ትንኝ ያህል። ከኋላ አንድ ልጅ ተቀበላት፣ ቀጥሎ እናቱ፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ፤ ጣራው እስኪነዝር ድረስ ሁሉም ቀፎ ሆነ።

"ጭሱ አነሰ! ጨምርበት!" ብለው ጮኹ ከዳሪሙ የመጡ አንድ ንብ አናቢ፣ የምራቸውን።

በዚህ መሀል የአዳራሹ ሠራተኛ ጭምዴሳ የላላውን ገመድ አግኝቶ ሰካው። ድንገት ሁለት ዘውደነሾች ባንድነት ይቆጡ ጀመር። እትዬ ዘውደነሽ ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

"አንቺ! ሰው ሲናገር ዝም አይባልም እንዴ?"

አዛዧም ልክ በዚያች ቅጽበት አፏን ከደነች።

ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ አቃተው። አንዱ አንዱን ይዞ ይስቃል፤ ጭምዴሳ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ ማንም ሳያዘው ገመዱን መልሶ ነቀለው። ሲያልቅ ሕዝቡ አልወጣም ብሎ ያጨበጭብ ጀመር። እትዬ ዘውደነሽ ውሃ ተጎንጭተው ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ኢብሴ ዞሩ።

"በይ እንጂ ልጄ፣ እንደገና!"

ኢብሴ ጉሮሮዋን ጠርጋ መንኮራኩሯን አስነሣች።