የሷ በኩል ይነፍሳል

«ላቡ ነበር ምልክቱ» አለች የልጅቷ አክስት፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ሲዞር ማንም ልብ አላለውም። የልብ ሕመም እንዲህ ነው አሉ፤ በላብ ነው የሚጀምረው።»

አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳሎኑ ከየቤቱ በተሰበሰቡ ወንበሮች ተጨናንቆ ስለነበር ሹክሹክታ የሚደበቅበት ቦታ አልነበረም። ልጅቷ የቡና ስኒ የተደረደረበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ቀድማ ያየችው እናቷን ነው። እናቷ ሰምታለች።

«አይቼ ነበር» አለች እናትየው፣ የገዛ ጉልበቷን እያየች። «ከመኪና በወረደ ቁጥር ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ አየው ነበር። እኔ በርዶኝ ሻርፕ ስደርብ እሱ ላቡን ይጠርጋል። ሳቅኩበት እንጂ ሐኪም ቤት ሂድ አላልኩትም።»

«ኧረ በሞቴ! እኔ አንቺን ማለቴ መሰለሽ?» አክስቷ ደነገጠች። «ወንድሜን አላውቀውም እንዴ? ብትነግሪውስ መቼ ይሰማሽ ነበር?»

«አልነገርኩትማ።»

ልጅቷ ትሪውን ይዛ ዞረች። ስኒ ባነሳ ሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ስትል «ያጽናሽ» ይሏታል፣ እሷም «አሜን» ትላለች፤ ጆሮዋ ግን እናቷ ጋ ቀርቶ ነበር። አባቷ የሞተው በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዕቃ ሊቆጥር ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። እናቷ በመጀመሪያው ቀን አልቅሳ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ግን ማልቀሱን ትታ ያለፉትን ዓመታት አንድ በአንድ መመርመር ይዛለች።

መኪናዋ ግቢው ውስጥ እንደቆመች ናት። አባቷ የገዛት ከሁለት ባለቤቶች በኋላ፣ ቀለሟ ኮፈኑ ላይ መላላጥ ሲጀምር ነው። እናቷ ለወራት ካስተኛት ሕመም ከዳነች ወዲህ ሙቀት አይስማማትም ነበር፤ አንድ ቀን በታጨቀ አውቶቡስ ውስጥ ተዝለፍልፋ ወድቃ ሰው ተሸክሞ አመጣት። አባቷ በሳምንቱ መኪና መፈለግ ጀመረ። ሻጩ ስለ ሞተሩ ጥንካሬ ሲያወራለት እሱ ጋቢና ገብቶ ኤሲውን አስከፈተና እጁን የአየር መውጫው ላይ አድርጎ ቆየ።

«ጌታዬ፣ ፍሪጅ ነው እንዴ የሚገዙት?» አለው ሻጩ።

«ከነጎማው ከሆነ፣ አዎ» አለው።

መኪናዋን ሁልጊዜ የሚነዳት እሱ ነው። ጋቢናው የእናቷ ነው፤ ልጅቷ ከኋላ፣ ከእናቷ ጀርባ ትቀመጣለች። መስታወቱ ይዘጋል፣ ኤሲው ይከፈታል፣ እናቷ ፊቷን ወደ ቅዝቃዜው ሰጥታ ዓይኗን ትከድናለች። ትንሽ ቆይታ «አንተ ጋስ?» ትለዋለች።

«እዚህማ ክረምት ነው» ይላል።

ፎጣው ከመቼ ጀምሮ እንደመጣ ልጅቷ በትክክል አታስታውስም። አንድ ሰሞን አንገቱ ላይ ታየ፤ ከዚያ የሹፌሩ በር ኪስ ውስጥ የራሱ ቦታ ኖረው። እናቷ «ክረምት ላይ የሚያልበው ሰው አንተን ብቻ አየሁ» ብላ ትስቃለች። «የዘር ነው፣ እህቴን ጠይቂያት» ብሎ ነገሩን ወደ አክስቷ ያሻግረዋል።

ልጅቷ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ነው ነገር የመጣው። ቁልፉን ጠየቀችው፣ «ሌላ ጊዜ» አላት። ደግማ ጠየቀችው፣ ፍሬኑ አስቸጋሪ ነው አላት። የመሥሪያ ቤቷን መኪና በየቀኑ እያሽከረከረች በቤቷ መኪና እንደ ሕፃን ከኋላ መቀመጧ አንገበገባት። ባለፈው ወር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ «አታምነኝም ማለት ነው» አለችው። ፎጣውን ለሁለት አጠፈ፣ እንደገና ለአራት አጠፈ።

«አንቺን አይደለም» አለ በመጨረሻ።

ታዲያ ማንን? አልጠየቀችውም። አኩርፋ ገባች። ኩርፊያው ውሎ ሳያድር አለቀ፣ አብረው በሉ፣ አብረው ሳቁ፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ የሚመልሰው ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ ሰው እየበዛ ሄደ። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ሙቀቱ ከላይ ይጫናል። ልጅቷ ቀና ስትል የእናቷ ከንፈር አመድ መስሎ አየችው።

«እማ!»

«ደህና ነኝ። ትንሽ አየር ብቻ።»

«መኪናው ውስጥ አስገቢያትና ኤሲውን ክፈቺላት እንጂ!» አለች አክስቷ፣ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ እያራገበች። «ዞር ዞር አድርጊያት። እንግዳውን እኔ እይዛለሁ።»

ቁልፉ የተንጠለጠለበት ሚስማር ሥር ፍሬቻ ተቀምጦ ነበር። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የአባቷ የልብ ወዳጅ። ፍሬቻ የሚለውን ስም ያወጣለትም አባቷ ነው፤ ሲያወራ አንድ ዓይኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁልፉን ከሷ ቀድሞ አነሳና፣

«እኔ ልንዳላችሁ» አለ።

ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። «እርስዎም አያምኑኝም፣ ጋሽ ፍሬቻ?»

«ኧረ በፍጹም! እንደሱ አይደለም፣ ልጄ።» ዓይኑ መብለጭለጭ ጀመረ። ወደ እናቷ አየ፣ ወደ ወለሉ አየ። የሚናገረው ያለ ይመስል ነበር። ቁልፉን መዳፏ ላይ አደረገላት። «በይ እሺ። ፎጣውን ካለበት አውጪው፣ ያስፈልግሻል።»

መስታወት እንድትጠርግበት ያላት መሰላት። የሹፌሩን ወንበር ወደ ፊት ስባ ተቀመጠች፤ ፎጣውን ከበሩ ኪስ አውጥታ እንደታጠፈ ጭኗ ላይ አደረገችው። እናቷ ጋቢና ገብታ እንደ ልማዷ መስታወቷን ዘጋች። ውስጡ የአባቷ የሳሙና ሽታ ነበረው።

ከግቢው ወጡ። ፍሬኑ ምንም አላስቸገራትም። ኤሲውን ከፈተች፤ አሮጌው ማራገቢያ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተስተካከለ። ጥቂት ቤቶችን እንዳለፉ የእናቷ ትከሻ ላላ። ከንፈሯ ቀለሙ ተመለሰ።

ልጅቷ ፊት ላይ ግን የሚመጣው ትኩስ ነበር። የተሳሳተ ነገር የነካች መሰላትና ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀዝቃዛው አዞረችው። ይባስ ጋለ። በሷ በኩል ያሉትን የአየር መውጫዎች ዘጋቻቸው፤ ሙቀቱ ከታች፣ ከፔዳሎቹ ሥር፣ እግሯ ላይ መጣ። ክፍት የምድጃ በር ፊት እንደመቀመጥ ነበር። እጇን ወደ መሀል ሰደደች፤ ከእጅ ስፋት በማይበልጥ ርቀት፣ እናቷ በኩል፣ በረዶ የመሰለ አየር ይነፍሳል።

ያኔ ትዝ አላት። አንድ ቅዳሜ ፍሬቻ በተከፈተው የመኪናዋ በር ራሱን አስገብቶ፣ አባቷ አጠገቡ ቆሞ፣ እሷ ልብስ ስታሰጣ።

«ዳሽቦርዱ በሙሉ ካልወረደ እጄ አይደርስም» ይላል ፍሬቻ። «ፕላስቲኩ ደግሞ አርጅቷል። ስከፍተው የሷንም ልሰብረው እችላለሁ።»

«የሷ በኩል ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያው አትንካው።»

ያኔ ስለ ሬዲዮው ድምፅ ማጉያ የሚያወሩ መስሏት ነበር። የተበላሸው ግን በሹፌሩ በኩል ሙቁን አየር የሚዘጋው ክዳን ነው።

ከግንባሯ ላይ ላብ ወርዶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አልጠረገችውም። የቀይ መብራቱ ሰልፍ ላይ ደርሰው ቆሙ። መኪናዋ ስትቆም ሙቀቱ ባሰ። *አንቺን አይደለም።* ለካ መሪውን ብትይዝ ታውቅ ነበር፤ ብታውቅ ለእናቷ ትነግራት ነበር፤ እናቷ ብታውቅ እሱ እየተቃጠለ እሷ በቀዝቃዛው አትቀመጥም ነበር።

«ተመስገን፣ ተነፈስኩ» አለች እናቷ ዓይኗን እንደከደነች። ከዚያም ከልማድ የተነሣ፣ «አንቺ ጋስ?»

ልጅቷ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እናቷ ላቡን አይታ ዝም በማለቷ ራሷን እየከሰሰች እንደሆነ ታውቃለች። ላቡ የመጣው ከዚህ እንደሆነ ብትነግራት ያ ክስ ይወርድላታል፤ በቦታው ግን ምን ይጫናታል? ስታመዛዝን ቃሉ ቀድሟት ወጣ።

«እዚህማ ክረምት ነው።»

እናቷ ዓይኗን ገለጠች። ቀስ ብላ ዞረች። የልጇን ግንባር አየች፣ አንገቷ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ሸሚዝ አየች። እጇን ዘርግታ የተዘጋውን የአየር መውጫ በጣቷ ከፈተችና መዳፏን ፊት ለፊቱ አቆመች። መዳፏን አላነሳችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«አላውቅም፣ እማ። እኔም ዛሬ ነው የተቀመጥኩበት። ጋሽ ፍሬቻ ሳያውቁ አይቀሩም።»

«ሙቀቱ ነበር እንግዲህ።»

«ሙቀቱ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሻርፕ እደርብ ነበር።» ልትስቅ የፈለገች መሰለች። «አይ ያ ሰውዬ።»

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል። ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ አንድ አጥር ጥግ አቆመች። እጇ ከመሪው ላይ አልላቀቅ አላት።

እናቷ መስታወቷን እስከ ታች አወረደችው። ቅዝቃዜው ወጣ፣ የውጪው ሙቀትና የመንገዱ ጫጫታ ገባ። ከልጇ ጭን ላይ ፎጣውን አነሳች፤ ለአራት እንደታጠፈ ነበር። አልዘረጋችውም። በእጥፋቱ የልጅቷን ግንባር ጠረገች፣ ከጆሮዋ ኋላ ጠረገች፣ ከዚያ ወደ አንገቷ ወረደች፤ ቀስ ብላ፣ ምንም ቦታ ሳታስቀር። በመስኮቱ የገባው ነፋስ ላቡን ካደረቀውም በኋላ መጥረጓን አላቆመችም።