የሸህ አሕመድኑር ደረጃ

እኔ የጻፍኩትን ደግሜ አላነብም ነበር። የቆየ አመሌ ነው። አለቃዬ "ፈንታው፣ ከመፈረምህ በፊት አንብብ" ሲለኝ፣ የተናገርኩት እኔ፣ የማውቀው እኔ፣ ምኑን ነው የማነበው ብዬ እቆጣ ነበር። ይህን ያልኩበትን አፌን ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባለው መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራዬ የሕንፃ መብራት መፈተሽ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ መካነ ሰላም ውስጥ አዲስ ቤት እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። ዐረብ አገር ያለችው ልጅ ትልካለች፣ አባት ይገነባል፣ የእህት ልጅ ዕቃ ይገዛል። ዕቃ የሚገዛው የእህት ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የረከሰውን ነው የሚያመጣው። በርና መስኮቱን ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ቆርቆሮውን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ገመዱን ግን ግድግዳ ውስጥ ስለሚገባ የሚያየው እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ነው ከተማው ሁሉ እኔን ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው።

ሸህ አሕመድኑር ለልጆች ቁርአን ሲያስቀሩ፣ ማለትም ሲያስተምሩ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው አሚራ ከጅዳ በላከችላቸው ገንዘብ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠሩ። ከታች ሁለት ሱቅ፣ ከላይ ሴቶች ልጆች የሚቀሩበት ሰፊ ክፍል። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ የሚቀሩት ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። ወደ ፎቁ የሚያወጣው አንድ የእንጨት ደረጃ በሁለቱ ሱቆች መሀል ያልፋል፤ የመብራቱ ብሬከር ሳጥን የተሰቀለው ደግሞ ልክ ከደረጃው ሥር ነው።

ልፈትሽ ስሄድ ገመዱን የገዛው የሸሁ የእህት ልጅ በሽር አብሮኝ ዞረ። አንድ ስንዝር ቆረጥኩና አገላብጬ አየሁት። የተሠራበት ፋብሪካ ስም የለበትም፣ ውፍረቱ አልተጻፈበትም፣ ስለመፈተኑ አንዲት ምልክት የለችበትም። ክብሪት ጫርኩበት። ደህና ገመድ እሳቱን ስታነሳለት ወዲያው ይጠፋል። ይሄኛው ካነሳሁለትም በኋላ እንደ ጧፍ እየተንጠባጠበ ነደደ።

"ጋሼ ፈንታው፣ ይኸው ሁሉም አምፖል ያበራል እኮ" አለኝ በሽር።

"ቤቱንም ያበራዋል" አልኩት።

ቢሮ ተመልሼ ለጸሐፊያችን ለብዙዬ ደብዳቤውን በቃሌ ነገርኳት። የፎቁ የኤሌክትሪክ መስመር ደረጃውን ያልጠበቀ ስለሆነ፣ ተነቅሎ ደረጃውን በጠበቀ ገመድ እስኪተካ ድረስ ፎቁ ላይ ሰው እንዳይወጣ የሚል ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ስለነበር ሳይጠፋ ቶሎ በይ እያልኩ አጣደፍኳት። ጽፋ ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም አስመትቼ ላክሁት። አላነበብኩትም።

ከዚያ ወዲያ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣችኝ ሱሀይላ ናት። የአከራዬ የመድና ልጅ ናት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ። ከሸሁ ዘንድ ከሚቀሩት ሃያ ስድስት ልጆች አንዷ ነበረች። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ከቧንቧው አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ጋሼ ፈንታው፣ ዛሬስ ትፈቅድልናለህ?"

"ደረጃው ይሟላ።"

"ትናንት ቁርአኔ ላይ ዝናብ ፈሰሰበት።"

"ደረጃው ይሟላና ያኔ እንነጋገራለን አልኩሽ።"

"እናቴ እውነቷን ነው። ሚስት ያላገባኸው ፈትሸህ ፈትሸህ ስላልጨረስክ ነው አለች" ብላኝ ትሮጣለች። ውሃ ልረጫት እጄን ሳነሳ አጥር ዘላ አልፋለች።

ከወር በኋላ ለሥልጠና ደሴ ላኩኝ። ሥልጠናው ስለ ሕንፃ ቃጠሎ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሸሁ ስልክ ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል።

"ልጄ ፈንታው፣ አብሽር፣ ደረጃው ተሟልቷል።"

"እርግጠኛ ነዎት? ጠንካራ ነው?"

"ወላሂ ጠንካራ ነው። ወፍራም ነው። የድሮው ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደል።"

ወፍራም ነው ሲሉኝ ገመዱን በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። የሱሀይላ የረጠበ ቁርአንም ትዝ አለኝ። "እንዲያ ከሆነማ ልጆቹ ይውጡ፤ እኔ ስመለስ አየዋለሁ" አልኳቸው። መረቁኝ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ያላየሁትን ሳጸድቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር ያደርኩት።

ሥልጠናው አልቆ ስመለስ ሚኒባሱ ለምሳ አቀስታ ላይ ቆመ። የአቀስታ ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጄ ይዤ እየሞቅኩ ሳለሁ ከመካነ ሰላም የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ገብቶ ወንበር ሳበ።

"የሸህ አሕመድኑር ፎቅ ዛሬ ጠዋት ተቃጠለ" አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። "ልጆቹስ?"

"የትኞቹ?"

"ፎቁ ላይ የሚቀሩት።"

"እሱን እንኳ አላውቅ። መንገዱን ልቀቅ ብለው አባረሩኝ። ከታች ሱቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰክተው ከብሬከር ሳጥኑ ነው የተነሳው አሉ። እኔ ሳልፍ በዋናው በር እሳት ይወጣ ነበር፣ ከላይ የልጆች ጩኸት ይሰማል።"

ከሳጥኑ። ሳጥኑ ከደረጃው ሥር ነው፣ ደረጃው እንጨት ነው፣ ሌላ መውረጃ የለም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ለመድና ደወልኩ፣ አይሠራም። ለሸሁ ደወልኩ፣ አይሠራም። ገመዱ ከተቀየረ ምን ነደደ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ግን ስጠይቅም አውቀዋለሁ። መቀየሩን አላየሁም፤ አፌን ከፍቼ ይውጡ ያልኩት እኔ ነኝ።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደተጓዝኩ እግዜር ይወቀው። ሾፌሩን ንዳው አልኩት፣ ገደል ልክተታችሁ ወይ አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ስለ ሕንፃ ቃጠሎ በሚገባ መሠልጠኔን የሚመሰክር ሰርተፊኬት አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰምተው "አብሽር ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አይዞህ አላሉኝም።

"ስንት ናቸው ልጆቹ?"

"ሃያ ስድስት።"

እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ። በዱዓቸው መሀል የሱሀይላ ነገር፣ አጥር ስትዘል፣ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ።

መካነ ሰላም ስንደርስ ወደ አሥር ሰዓት ሆኗል። እሳቱ ጠፍቷል። የሕንፃው ፊት ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል፤ በሱቆቹ መሀል የእንጨቱ ደረጃ የነበረበት ቦታ አመድ ብቻ ነው። ሰው ተሰብስቦ በዝቅታ ያወራል። መድና አየችኝና ወደ እኔ መጣች፤ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

"ሱሀይላስ?" አልኳት።

"ከጓሮ ናት። ሁሉም ከጓሮ ናቸው" አለችኝና ለቅሶዋ እንደገና መጣ።

ከጓሮ መሬት ላይ ተደርድረው፣ ነጠላ ለብሰው መሰለኝ። ግድግዳውን በእጄ እየያዝኩ ዞርኩ።

እውነትም ተደርድረዋል። ግን ተቀምጠው ነው። ከፎቁ በጓሮ በኩል በአዲስ ከተከፈተ በር እስከ መሬት የወረደ አዲስ የድንጋይና የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል፣ አሥራ ሦስት እርከን፣ በየእርከኑ ሁለት ሁለት ልጅ። ሸህ አሕመድኑር ልጆቹን ሲቆጥሩ ቁጥሩ እየጠፋባቸው ስለተቸገሩ እንዲህ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል፤ አሁንም ከታች ቆመው በጣታቸው እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ሱሀይላ ከላይ ሦስተኛው እርከን ላይ ነበረች፣ አፍንጫዋ ጥላሸት ለብሶ። "ጋሼ ፈንታው፣ መጣህ? ቁርአኔን ይዤው ነው የወረድኩት" አለችኝና ከደረቷ ላይ ቀና አድርጋ አሳየችኝ።

አለቀስኩ። በሰው ፊት፣ እየጮህኩ። ምንም አላፈርኩም።

ሸሁ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል፤ የመጨረሻዋ ልጅ እስክትወርድ የጓሮውን በር ይዘው ቆመው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። "አላህ ይስጥህ ልጄ። አንተ ደረጃ ካልተሠራ ብለህ ድርቅ ባትልብን ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠን ነበር" አሉኝ።

"የቱ ደረጃ?"

"ይሄ ነዋ። ያዘዝከው።"

ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደብዳቤዬን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ቆሜ አነበብኩት። "የፎቁ መስመር ደረጃ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ፣ ደረጃ ተሟልቶለት በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ሰው እንዳይወጣበት እናሳስባለን።" ኤሌክትሪክ የሚል የለበትም። ገመድ የሚል የለበትም። ከሥሩ ግን ፊርማዬ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

"በሽር ሲያነብልኝ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር" አሉ ሸሁ። "ደረጃማ አለው፣ ምኑ ነው የሌለው አልኩ። ኋላ ገባኝ። የእንጨቱ ደረጃ በወንዶቹ ሱቅ መሀል ነው የሚያልፍ። ለሴቶቹ ለብቻቸው መውጫ ሥሩላቸው ማለትህ ነው አልኩ። መንግሥትም ለካ ይህን ያህል አደብ ያውቃል ብዬ ዱዓ አደረግሁላችሁ። አሚራም በስልክ ሰምታ ደስ አላት፣ ቶሎ ይሠራ አለች።"

ከኋላቸው የቆመውን በሽርን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። ስለ ገመዱ አንድ ቃል ወረቀቱ ላይ ቢያጣ፣ ተገላገልኩ ብሎ ዝም እንዳለ ገባኝ። ልጮህበት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በምን አፌ ልናገረው።

ምርቃቱን ተቀብዬ ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር። ከተማው ሁሉ እጄን ሊጨብጥ ቆሟል፣ ያውም እኔን ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ከተማ። ግን ያ ገመድ ላይኛው ክፍል ግድግዳ ውስጥ አሁንም አለ፤ ሱቆቹ ሲታደሱ መብራት ይቀጠልበታል።

"ሸሁ፣ እኔ የጻፍኩት ስለ መውጫ ደረጃ አይደለም" አልኳቸው። "ስለ ገመዱ ነው። ገመዱ ደረጃ የለውም ማለቴ ነበር። ዛሬ የነደደውም እሱ ነው። በስልክ ይውጡ ያልኩትም ገመዱ ተቀይሯል ብዬ ነው። ሳላይ ፈቀድኩ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ይቅር ይበሉኝ።"

ሸሁ ልጆቹን አዩ፣ የሲሚንቶውን ደረጃ አዩ፣ ወረቀቱን አዩ።

"ገመድም ደረጃ አለው?"

"አለው። ተፈትኖ እሳት የማያቀጣጥለው ከሆነ፣ መፈተኑም በላዩ ላይ ከተጻፈበት፣ ደረጃ አለው ይባላል።"

"ታዲያ ገመዱ ይነዳልና ንቀሉት ብለህ አትጽፍም ነበር ልጄ?"

ስንት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ሸሁ ሳቅ አመለጣቸው፤ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ኋላ ጺማቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

"አጃኢብ ነው" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "አንተ የጻፍከውን አላነበብከው፣ እኛ ያነበብነውን አንተ አልጻፍከው። አልሐምዱሊላህ።" ልጆቹም ሳቁ፣ ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባቸው። መድና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

የድሮውን ገመድ በሽር ራሱ ነቀለው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እየተቆጣሁ። አዲሱ ሲመጣ ከመግባቱ በፊት ሸሁ ፊት ቆርጬ ክብሪት ጫርኩበት፤ እሳቱን ሳነሳለት ጠፋ። እስቲ እኔ ልሞክረው ብለው ክብሪቱን ተቀበሉኝና ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ሦስቱንም ጊዜ ጠፋ።

ለማጽደቂያው ወረቀት ብዙዬ ዘንድ አልሄድኩም። ያጣደፍከኝ አንተ፣ ያላነበብከው አንተ፣ ስሜን እንዳታነሳ ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። በእጄ ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጓሮ ሄጄ ከሸሁ አጠገብ ታችኛው እርከን ላይ ተቀመጥኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "የፎቁን የመብራት ገመድ በእሳት ሞክሬዋለሁ፤ አይነድም። ልጆቹ ወደ ፎቁ ይውጡ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። "በየት በኩል ነው የሚወጡት?" አሉ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ጨመርኩበት፤ "በጓሮው ደረጃ።" ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩላቸው።