ባሕሩ እሁድ እሁድ ይቀዘቅዛል

በዩኒቨርሲቲው የባሕር ጥናት ጣቢያ የእኔ ሥራ ባልዲ ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት ወደ ጀልባ ማቆሚያው እወርዳለሁ፣ ባልዲዬን በገመድ እጥላለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ፣ ቴርሞሜትር እነክራለሁ፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ «ባሕሩ እንዴት አደረ?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን እኔ ነኝ።

አንድ ሰኞ የዶክትሬት ተማሪዋ ላፕቶፗን ታቅፋ ቢሮዬ ገባች። ባሕሩ በነዚህ ዓመታት ምን ያህል እንደሞቀ የጻፈችው በእኔ ቁጥሮች ነው። ከሁለት ወር በኋላ ፈታኞች ፊት ትቀርባለች።

«ጋሼ፣ ባሕሩ እሁድ እሁድ ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

«ስድስት ቀን ሠርቶ፣ ይረፍ እንጂ።»

አልሳቀችም። መስመሩን አሳየችኝ፤ ስድስት ቀን ደህና ይሄድና በሰባተኛው ዘጭ ይላል። ስድስት አሥረኛ ዲግሪ፣ በየሳምንቱ።

«ፕሮፌሰሩ ምን አሉ?»

«'ባሕር ቀን አይቆጥርም፤ ሰውዬውን ጠይቂ' አሉኝ። እሁድ የሚለካው ማነው?»

እሁድ እናቴን ልጠይቅ ስለምሄድ የምትለካው ባለቤቴ ናት። ቁጥሩን በብጫቂ ወረቀት ትሰጠኛለች፣ ሰኞ በራሴ እጅ ገልብጬ እፈርማለሁ። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ባሕሩ ያው ባሕር ነው ብዬ ነው።

ተናዘዝኩ። እግረ መንገዴንም ጥፋቱን ሁሉ ለባለቤቴ አሸከምኳት። «የሷን እሁዶች ሰርዢያቸው። እሷ ቴርሞሜትር ከጭልፋ አትለይም።»

«መጀመሪያ ሁለታችሁም ዓይኔ እያየ ለኩ» አለች ተማሪዋ።

በማግስቱ ባለቤቴ ቀደመች። ቀዳች፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብላ ቴርሞሜትሩን ነከረች፣ ከውሃው ሳታወጣ አነበበች። አለቀ።

የኔ ተራ ደረሰ። ቀዳሁ፣ ባልዲውን አንጠልጥዬ አርባ ሁለቱን ደረጃ ወጣሁ፣ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሰላም ተባባልኩ፣ ቢሮ ገባሁ፣ ባልዲውን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አኖርኩ፣ መነጽሬን ፈለግሁ፣ ተደላድዬ ተቀመጥኩና ቴርሞሜትሩን ነከርኩ። ቀና ስል ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ባሕሩን ይዘኸው ወዴት ነው የምትዞረው?» አለች ባለቤቴ።

«ድሮም እንዲህ ነው የምሠራው። ነፍሱን ይማረውና የቀድሞው ኃላፊ 'ቆመህ አትጻፍ፣ ተቀምጠህ ጻፍ' ብሎኛል።»

«'ጻፍ' ነዋ ያለህ! 'ለካ' አላለህም።»

ተማሪዋ ቴርሞሜትሩን አየች። ከታችኛው በስድስት አሥረኛ ይበልጣል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የተሳሳተው እሁድ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የተሳሳተው የቀረው ሳምንት በሙሉ ነው።»

ግራ ገባኝ። «ቆይ፣ ባሕሩ ሞቋል ወይስ እኔ ነኝ ያሞቅሁት?»

«አላውቅም» አለች። የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ሆድ ይባባል። ላፕቶፗን ከፍታ ብዙ ቆየች። «እሁዶቹ ብቻቸውንም ከዓመት ዓመት ይሞቃሉ። ግን በሳምንት አንድ ቀን ፈታኞቼን አያሳምንም። ሌሎቹን ቀናት ካላዳንኩ ጽሑፌ ወደቀ። እርስዎ የሚጨምሩትን በትክክል ካወቅሁ እቀንሰዋለሁ። ስለዚህ በየቀኑ እታች ባለቤትዎ ይለኩ፣ ላይ እርስዎ። ግን እንደ ድሮው ይሳሳቱ። ምንም እንዳያሻሽሉ።»

በዕድሜዬ ብዙ ታዝዣለሁ። ተጠንቅቀህ ተሳሳት ያለኝ ግን አልነበረም።

አካሄዴ ጠፋኝ። ደረጃው ላይ የፈጠንኩ ይመስለኝና ቀስ እላለሁ፤ ቀስ ማለቴ የበዛ ይመስለኝና እሮጣለሁ። ዘበኛውን ድሮ ስንት ቃል እንደምንነጋገር ብጠይቀው «እኔ እንጃ፣ ዛሬ ግን ሰላምታህ የፖሊስ ምርመራ ሆኗል» አለኝ። ከሁሉ የከፋው መነጽሬ ነው፤ የት እንዳለ እያወቁ መፈለግ ለካ ሙያ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሁለት አሥረኛ ጨመርኩ፣ በማግስቱ ዘጠኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ መሳሳትም አቃተህ?» አለች ባለቤቴ።

ተማሪዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ዝም ብለው እንደ ድሮው!»

በሦስተኛው ሳምንት ሁለቱ በሹክሹክታ ሲነጋገሩ አየኋቸው። በማግስቱ ጠዋት ተማሪዋ ፈገግ ብላ መጣች። «ጋሼ፣ ቁጥሩ በቅቶናል። ጨርሰናል። ካሁን በኋላ ለመዝገቡ ብቻ እንደ ልማድዎ ይለኩ» አለችኝ። ባለቤቴም ከእንግዲህ ቤቷን እንደምትይዝ ተናገረች።

ሸክም ወረደልኝ። በሰላም ቀዳሁ፣ ወጣሁ፣ ከዘበኛው ጋር ስለ ጉልበቱ ሕመም አወራን፣ መነጽሬም የምሩን ጠፋብኝ።

ምሳ ሰዓት ቤት ስገባ የባለቤቴ ቀሚስ ጫፍ እርጥብ ነው። ጨው ሠርቶበታል።

«አሁንም እታች ትለኪያለሽ?» ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ካወቅሁ የልጅቱ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ አላወቅሁም። በማግስቱም ባልዲዬን ይዤ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚወጣ እያሰብኩ፣ ደረጃውን ጀመርኩት።